ከየቡ እስከ ጅማ ሐኪም ቤት፦ የጤና መድን ታሪክና ከስትሮክ የተረፈው በሽተኛ

መግቢያ

የቡ የማና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጅማ ከተማ የምትርቀው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዙሪያዋን የከበባት የቡና ማሳ ነው። በዚህች ከተማና በአካባቢዋ የሚኖረው ሕዝብ የዓመቱን ኑሮ የሚያሰላው በቡና ነው። ዕዳ የሚከፈለው፣ ሠርግ የሚደገሰው፣ ለልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛው፣ ያረጀው የቤት ቆርቆሮ የሚለወጠው እሸቱ ተለቅሞ ወይም ጀንፈሉ ደርቆ ተሽጦ ገንዘብ ሲሆን ነው።

እንዲህ ባለ አገር አንድ የቤት ኃላፊ ማለዳ ሲነሣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ፣ አንደበቱ አልፈታ ቢለው፣ ጉዳቱ የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የደረሰው ቡና ለቃሚ አጥቶ ይረግፋል፤ ሚስት ከማሳ ተነሥታ አስታማሚ ትሆናለች፤ ሴት ልጅ ከትምህርት ገበታ ትቀራለች። ሕዝቡ ይህን ሕመም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ «ግማሽ አካሉን መታው» ይለዋል። ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት፣ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚከተለው ድንገተኛ ጉዳት ይህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሽታውን መተንተን አይደለም፤ ይህን የማኅበሩ አባላት ጠንቅቀው ያውቁታል። እዚህ የሚመረመረው ሌላ ጥያቄ ነው። ከስትሮክ የተረፈ አንድ የየቡ ሰው ዳግመኛ ለመራመድ፣ ለመናገርና እጁን ለማዘዝ የሚረዳውን የተሐድሶ ሕክምና ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው ምንድን ነው? መልሱ በከፊል በባለሙያው ችሎታ፣ በከፊልም በበሽተኛው ብርታት ላይ ያረፈ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የመልሱ ታላቅ ክፍል የሚገኘው በሕክምና ክፍያና በጤና መድን ታሪክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የአገር ውስጥ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የውጭ አገሮቹ እ.ኤ.አ. ተብለው ተለይተዋል።

ሐኪም ቤቱና የበሽተኛው ኪስ

የጅማ ሐኪም ቤት የተመሠረተው በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። የተሠራውም ለወራሪው ጦር ወታደሮች አገልግሎት እንዲሰጥ ነበር። ከነፃነት በኋላ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠራ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ጅማ ሆስፒታል ተባለ። በ1975 ዓ.ም. የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የማስተማሪያ ሐኪም ቤት ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ኢንስቲትዩቱና የጅማ ግብርና ኮሌጅ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲን ሲመሠርቱም ከእነርሱ ጋር ወደ አዲሱ ተቋም ተሻገረ። ለወታደሮች የተሠራው ያ ቤት ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተብሎ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ሕዝብ ያገለግላል።

ስሙ በየዘመኑ ይለዋወጥ እንጂ በሽተኛው በሐኪም ቤቱ በር ላይ የሚገጥመው ጥያቄ አልተለወጠም፤ ይኸውም «ማን ይከፍላል?» የሚል ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ዘመን አንሥቶ የመንግሥት ሐኪም ቤቶች መጠነኛ ክፍያ ሲያስከፍሉ ኖረዋል። መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል። ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ይህን ደብዳቤ መጻፍ የቀበሌውና የገበሬው ማኅበር ሥራ ሆነ።

ይህ ሥርዓት ለብዙ ድኾች የሐኪም ቤትን በር እንደ ከፈተ መመስከር ተገቢ ነው። ነገር ግን በሁለት በኩል ጎደሎ ነበር። በመጀመሪያ፣ ደብዳቤው የሚያገለግለው ለካርድ፣ ለምርመራና ለአልጋ ነው፤ የመኪና ኪራይ አይከፍልም፤ አስታማሚውንም አያበላም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከበሽተኛው የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ስለ ነበረ፣ ሐኪም ቤቱ ከሚሰጠው አገልግሎት የሚያገኘውን መልሶ አገልግሎቱን ለማሻሻል አያውለውም ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ሁለተኛውን ጉድለት ለማረም ተነሣ። በዚህ መሠረት ጤና ጣቢያዎችና ሐኪም ቤቶች የሚሰበስቡትን ገንዘብ ይዘው በቦርድ ውሳኔ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። የነፃ ታካሚው ወጪም በወረዳው እንዲሸፈን ተደነገገ። ለሁሉም በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ዝርዝርም ተለየ፤ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የእናቶች ወሊድና እነዚህን የመሳሰሉት በዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ዝርዝሩ የዘመኑን ችግር በትክክል ያሳያል፤ ሕዝቡን በብዛት ይገድሉ የነበሩት ተላላፊ በሽታዎችና የወሊድ አደጋዎች ነበሩና። ስትሮክ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስፍራ አላገኘም። ከዚህም የተነሣ ግማሽ አካሉ የተመታው ሰው እንደ ቀድሞው ወይ በኪሱ፣ ወይ በደብዳቤው ተማምኖ ይመጣ ነበር።

የተሐድሶ ሕክምና ከሌላ ቤት መወለዱ

የተሐድሶ ሕክምና በአገራችን የተወለደው በሐኪም ቤቱ የክፍያ መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ የተወለደው በሌላ ቤት ነው። ይህን ታሪክ ሳያስታውሱ የዛሬውን ችግር መረዳት አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የቼሻየር ድርጅት በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር በመናገሻ የተቀበላቸው በልጅነት ልምሻ እግራቸው የሰለለ ሕፃናትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አለርት፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት የተጎዱ እጆችና እግሮች ወደ ሥራ እንዲመለሱ ባለሙያዎችን አሠለጠነ። ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጦርነት እጅና እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ አካል የሚዘጋጅባቸውን ማዕከሎች ሲረዳ ቆይቷል። እነዚህ ማዕከሎች በአብዛኛው ይተዳደሩ የነበሩት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ነው።

እንግዲህ ልምሻ፣ ሥጋ ደዌና ጦርነት የኢትዮጵያ የተሐድሶ ሕክምና ሦስቱ አዋላጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገንዘቡ የመጣው ከበጎ አድራጊ ድርጅቶች፣ አስተዳደሩ ከማኅበራዊ ጉዳይ፣ በሽተኛው ደግሞ ከወጣቱና ከሕፃኑ ወገን ነበር። የፊዚዮቴራፒ ትምህርት በዲግሪ ደረጃ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ስለዚህ የጤና መድን ሕግ በሚረቀቅበት ዘመን ሙያው በሐኪም ቤቶች ውስጥ ገና ሥር አልሰደደም፤ ባለሙያዎቹም ከጥቂት ታላላቅ ሐኪም ቤቶች አልወጡም ነበር። መድን ደግሞ የሚገዛው በገበያው ያለውን ነው። የሌለ አገልግሎት ዋጋ አይወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለትም አገልግሎት በቀላሉ አይስፋፋም።

መድን ወደ ቡና አገር ሲገባ

በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። በማግሥቱም በ2003 ዓ.ም. ዛሬ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ኤጀንሲ ሆኖ ተቋቋመ። አዋጁ የሚመለከተው ደመወዝተኛውን ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ሌላ 3 ከመቶ እንዲያዋጡ ታሰበ። ይህ ሐሳብ ወደ ሥራ ሳይለወጥ በቀጠሮ ብዙ ዓመታት አለፉ። በአንጻሩ ገበሬውንና በራሱ ሥራ የሚተዳደረውን ሕዝብ የሚያቅፈው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ።

ከእነዚህ ውስጥ አራቱ የኦሮሚያ ወረዳዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ናቸው። ሊሙ ኮሳ የጅማ ዞን ወረዳ ነው፤ ከማናም ጋር ይዋሰናል። ስለዚህ የጤና መድን በኢትዮጵያ ገጠር የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የጅማ ቡና አገር ነው ማለት ነው። በኦሮሚያ የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ 180 ብር ነበር። ፌዴራል መንግሥት በመዋጮው ላይ 25 ከመቶ ድጎማ ጨመረ፤ መክፈል የማይችሉትን ድኾች መዋጮ ደግሞ ክልሉና ወረዳው እንዲሸፍኑላቸው ተደረገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በሙከራው ወረዳዎች ከሚኖሩት አባወራዎች መካከል አርባ ከመቶ ገደማው ተመዘገበ። ከዚያም ሥርዓቱ በየተራ ወደ ቀሩት ወረዳዎች ተስፋፍቶ ዛሬ አብዛኛውን የአገሪቱን ወረዳ አዳርሷል።

ሕዝቡ ሐሳቡን ለመረዳት አልቸገረውም። እድርን የሚያውቅ ሰው መድንን ለመረዳት አይከብደውም። ደቦና ዳዶ ጉልበትን፣ እድር ሐዘንን ለመካፈል እንደ ተመሠረቱ ሁሉ፣ መድን የሕመምን ወጪ ለመካፈል የተመሠረተ ማኅበር ነው። በእድርና በመድን መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። እድር የሚደርሰው አንድ ጊዜ ለሚመጣ ነገር ነው፤ ሞት አይደጋገምም። ሕመም ግን ይደጋገማል፤ ይረዝማል። የመድኑ ሥርዓት ሲነደፍ በዓይነ ልቡና የታየው ሕመም ወባን፣ የሳንባ ምችን፣ ወሊድንና ቀዶ ሕክምናን የመሰለ፣ መነሻና መድረሻ ያለው ሕመም ነበር። አባሉ ይታመማል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ቢብስበት ወደ ሐኪም ቤት ይተላለፋል፤ ይድናል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መዝገቡም ይዘጋል።

የመድኑ ሽፋን በመንግሥት የጤና ድርጅቶች የሚሰጠውን የተመላላሽና የአልጋ ሕክምና በጥቅሉ ይይዛል። ውጭ አገር መታከም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና ለቁንጅና የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። እንግዲህ የፊዚዮቴራፒ ሕክምና በተመላላሽነት ሲሰጥ በሽፋኑ ውስጥ ስለሚውል፣ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው የየቡው በሽተኛ መብቱ የተጠበቀለት ይመስለዋል። ወረቀቱን ትቶ መንገዱን የተከተለ ግን ሌላ ነገር ያያል።

የሠላሳ ስድስት ጉዞ ሒሳብ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የስትሮክ ሕሙማን ተለይተው የሚታከሙበት ክፍል መኖሩ ለአካባቢው ታላቅ እርምጃ ነው። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዚሁ ክፍል የተኙ 116 ሕሙማን ተጠንተው ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 55 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ግማሽ ያህሉ የደም ሥር የተዘጋባቸው፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ የፈነዳባቸው ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡትም የመናገር ችግር ይዟቸው ነበር። በበለጸጉት አገሮች ስትሮክ ይበልጡን የጡረተኛ በሽታ ነው፤ በጅማ ግን የሚመታው ገና በሥራ ላይ ያለውን፣ ማሳ የሚኮተኩተውንና ልጆች የሚያሳድገውን ሰው ነው።

ለዚህ ሰው ጊዜ ወርቅ ነው። በኮፐንሃገን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ታዋቂ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሕሙማኑ 95 ከመቶ የሚሆኑት ወደ ዕለት ተዕለት ኑሯቸው በመመለስ ረገድ የሚደርሱበት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሱት ከስትሮኩ በኋላ ባሉት 13 ሳምንታት ገደማ ውስጥ ነው። ከዚያም በኋላ መሻሻል እንደሚቻል የታወቀ ቢሆንም ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በእነዚህ ሦስት ወራት ነው። ሦስት ወር ማለት በየቡ አንድ የቡና ለቀማ ወቅት ማለት ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እናስብ። አንድ በሽተኛ ከሐኪም ቤት ወጥቶ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ፊዚዮቴራፒ እንዲመላለስ ቢታዘዝለት 36 ቀን ወደ ጅማ መሄድ አለበት። ደርሶ መልስ ሲቆጠር 72 ጉዞ ይሆናል። ብቻውን መሄድ ስለማይችል አስታማሚ ይከተለዋል፤ ስለዚህ 144 የሚኒባስ ሒሳብ ይከፈላል። ቤቱ ከመኪና መንገድ የራቀ ከሆነ በቃሬዛ የሚያወርዱት ጎረቤቶች ወይም ባጃጅ ያስፈልጉታል። መድኑ ለሠላሳ ስድስቱ ሕክምና ይከፍል ይሆናል፤ ለመቶ አርባ አራቱ ሒሳብ ግን አይከፍልም። አስታማሚዋ ከማሳ የቀረችባቸውን ሠላሳ ስድስት ቀኖች የሚመዘግብ መዝገብም የለም።

በዚህ ላይ የቅብብሎሹ ሕግ አለ። የመድን አባል በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ፣ ከዚያም የማስተላለፊያ ወረቀት ይዞ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሻገር ይኖርበታል። ሥርዓቱን ሳይከተል በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት የሄደ የወጪውን ግማሽ ራሱ እንዲከፍል በሙከራው ዘመን ተደንግጎ ነበር። የሕጉ ዓላማ መልካም ነው፤ ትልቁ ሐኪም ቤት በጉንፋን እንዳይጨናነቅ ይጠብቃል። ነገር ግን ጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒስት በሌለው ጊዜ በሽተኛው እዚያ የሚደርሰው ወረቀት ለማጻፍ ብቻ ይሆናል። ለእግረኛ ቀላል የሆነው ይህ ግዴታ ግማሽ አካሉ ለማይታዘዝለት ሰው ሌላ ተራራ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት የመዋጮው ወቅት ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ በተወሰኑ ወራት ይሰበሰባል። ይህ በቡና አገር ለጤነኛ ቤተሰብ ተስማሚ ነው፤ ገንዘብ የሚገኘው ከለቀማ በኋላ ነውና። ነገር ግን የቤቱ ኃላፊ በመስከረም ተመትቶ ቡናው ሳይለቀም የቀረበት ቤተሰብ የዓመቱን መዋጮ የሚያድሰው በምን ገንዘብ ነው? በድኾች መዝገብ እንዳይጻፍ ማሳ አለው፤ እንዳይከፍል ማሳው ምርቱን አልሰጠም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በመድኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። አሳዛኙ ነገር መድኑን ይበልጥ በሚፈልግበት ዓመት ከመድኑ ለመውጣት መገደዱ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በሀብት ከእኛ እጅግ የራቁ አገሮችም በዚሁ ጉዳይ ተሰናክለዋል።

በአሜሪካ ለአረጋውያን የተቋቋመው ሜዲኬር የተባለው መድን እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግ ለተመላላሽ የተሐድሶ ሕክምና የዓመት ጣሪያ 1,500 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። የሚያስገርመው፣ ፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲውሉ መደረጉ ነው። እግሩም አንደበቱም የተያዘበት የስትሮክ ሕመምተኛ ለመራመድ ያወጣውን ያህል ለመናገር ይጎድልበታል ማለት ነው። ጣሪያው ሲታገድና ሲመለስ ቆይቶ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያው አገር «በሽተኛው ከእንግዲህ አይሻሻልም» በሚል ምክንያት ክፍያ ይከለከል የነበረበት ልማድም በፍርድ ቤት ክርክር ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በጸደቀ ስምምነት ተወገደ። ያለበትን ደረጃ ለመጠበቅ የባለሙያ እጅ የሚያስፈልገው ሰውም የመድኑ ተጠቃሚ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረጋገጠ።

በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 የወጣ የክፍያ ደንብ ለስትሮክ ሕሙማን የሚሰጠውን የተሐድሶ ሕክምና በ180 ቀን ወሰነው። ይህን የተቃወመው እ.ኤ.አ. በ2001 ራሱ በስትሮክ ተመትቶ አንደበቱ የተዘጋው ስመ ጥር የሕክምና ሳይንቲስት ቶሚዮ ታዳ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ400,000 በላይ ፊርማ ተሰብስቦ ለመንግሥት ቀረበ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ደንቡ በከፊል ተሻሻለ። መናገር የተሳነው ሰው ስለ ሕሙማን መብት የተናገረው በጽሑፍ ነው።

ጀርመን ግን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ አላት። በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኞችን የሕመም መድን ያቋቋመችው ይህች አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ባደረገችው የጡረታ ሕግ ማሻሻያ የተሐድሶን ሕክምና የጡረታ መድኑ ሥራ አደረገችው። «ከጡረታ በፊት ተሐድሶ» የሚለው መመሪያ ከዚህ የመነጨ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሠራተኛው ሽባ ሆኖ ቢቀር ለዕድሜ ልኩ ጡረታ የሚከፍለው ያው መድን ነው። ስለዚህ በሽተኛውን ወደ ሥራ ለመመለስ ገንዘብ ማውጣት ለመድኑ ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይሆንበትም።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መድን የሚከፍለው በመዝገቡ ለሚያየው ወጪ ነው። በጀርመን ሽባነት በጡረታ መዝገብ ላይ ይታያል። በየቡ ግን ገበሬው ጡረታ የለውም፤ የሽባነቱን ዋጋ የሚከፍሉት ከማሳ የቀረችው ሚስቱና ከትምህርት የቀረችው ልጁ ናቸው። በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ወጪው የሌለ ይመስላል። የወረዳው መድን ለአልጋውና ለመድኃኒቱ ከከፈለ በኋላ በሽተኛው ቤቱ ቢቀር በመዝገቡ ላይ የሚታየው ቁጠባ ነው። በቤተሰቡ ላይ የወደቀው ዕዳ ግን ከሐኪም ቤቱ ወጪ እጅግ ይበልጣል።

አንዳንዶች «ቤተሰቡን አሠልጥነን በቤቱ ቢታከም ይበቃል» ይላሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ወጪውም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሕንድ 14 ሐኪም ቤቶች 1,250 ሕሙማንን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ታላቅ ጥናት፣ በቤተሰብ የሚሰጠው ተሐድሶ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አረጋግጧል። የቤተሰብ ፍቅር ታላቅ ኃይል ነው፤ የባለሙያን እጅ ግን አይተካም።

መደምደሚያ

ከ1930 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ያለው የጅማ የሕክምና ታሪክ በሮች አንድ በአንድ የተከፈቱበት ታሪክ ነው። ለወራሪ ወታደሮች የተሠራው ሐኪም ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ የድህነት ደብዳቤ ለድኻው መግቢያ ሆነ፤ መድን ደግሞ ገበሬው በመዋጮው እንዲታከም አበቃው። ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ አሁንም ከሕዝቡ ኪስ በቀጥታ የሚወጣ በመሆኑ የመድኑ መስፋፋት አስፈላጊነት አያጠያይቅም። በ2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ዝርዝር ከ1,000 በላይ አገልግሎቶችን ሲይዝ ተሐድሶንም አልዘነጋም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 «ተሐድሶ 2030» የተባለውን ጥሪ አሰምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ተሐድሶ የጤና ሥርዓቱ አካል እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ በጽሑፍ የጎደለ ነገር ጥቂት ነው።

የጎደለው በጽሑፉና በመንገዱ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ ይህንንም ለመሥራት የሚቻልባቸው አንዳንድ መንገዶች አሉ። አንደኛ፣ ከስትሮክ በኋላ የሚሰጠው ተሐድሶ በየቀኑ እየተነጠለ በሚከፈል ክፍያ ፋንታ እንደ አንድ ሙሉ ሕክምና ተቆጥሮ፣ የቀጠሮው ብዛትና ዋጋው ተወስኖ በመድኑ ውል ውስጥ ቢገባ፣ ሐኪም ቤቱ በሽተኛውን የሚከታተልበት ምክንያት ያገኛል። ሁለተኛ፣ የማስተላለፊያው ወረቀት ለሕክምናው ዘመን በሙሉ ቢያገለግል በሽተኛው ለወረቀት ሲል አይመላለስም። ሦስተኛ፣ ሠላሳ ስድስት በሽተኛ ወደ አንድ ባለሙያ ከሚጓዝ ይልቅ አንድ ባለሙያ በተወሰነ ቀን ወደ የቡ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ወጪው ለሁሉም ይቀልላል። የጅማ ተማሪዎችን ወደ ኅብረተሰቡ መላክ ትምህርት ቤቱ ከጥንት የያዘው ልማድ ስለሆነ ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አራተኛ፣ በስትሮክ የተመታ አባል የዚያ ዓመት መዋጮ ቢዘገይበት ከመድኑ እንዳይሰረዝ በወረዳው ድጎማ ሊታገዝ ይገባዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚሳኩት ግን ወጪው በመዝገብ ላይ ሲታይ ነው። ከሐኪም ቤት ሲወጣ ተመላልሶ እንዲታከም ከታዘዘለት በሽተኛ ስንቱ ተመለሰ? ስንቱ በስንተኛው ሳምንት ቀረ? የቀረውስ በምን ምክንያት ነው? ይህን ሊጽፍ የሚችለው በየቀኑ በሽተኛውን በእጁ የሚዳስሰው ባለሙያ ነው። የመድን ሹም ለማያየው ነገር አይከፍልም፤ እንዲያይ የሚያደርገው ደግሞ የማኅበሩ አባል መዝገብ ነው።

በየቡ የቡና ለቀማ ሲደርስ ሁለቱም እጆች ይፈለጋሉ። አንድ ሰው በግራ እጁ ብቻ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ መያዝም መልቀምም አይችልም። ቀኝ እጁ እንዲመለስ የሚረዱት ሦስት ወራት እንደ ለቀማው ወቅት ካለፉ አይመለሱም። የጤና መድን ሥራ የተፈጸመ የሚባለው በሽተኛው ከአልጋ ሲነሣ ብቻ ሳይሆን ወደ ማሳው ሲመለስም ጭምር ነው።